ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የዳታ አጠቃቀም ሥልጠና፦ የጋራ ምክረ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

የሥልጠና ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የምናቀርበው ምክረ ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ሥልጠናው በኤክሴልና የጤና ሪፖርት በሚገባበት ሶፍትዌር በዲኤችአይኤስ 2 አጠቃቀም እንዲጀመር ያቀርባል። አስተያየታችሁን እንጠብቃለን።

የወረዳ ዕቅድና ክትትል ባለሙያ፦
ክቡር ሰብሳቢ፣ ሶፍትዌሩ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ፤ ነገር ግን ባለሙያዎቻችን ይበልጥ የሚቸገሩት ቁጥር በማስገባት ሳይሆን የገባው ቁጥር የሚናገረውን በመረዳት ነው። በዓመት 400 ጨቅላ ሕፃናት ይጠበቃሉ በተባለበት ጣቢያ 448 ሕፃናት አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት ሦስተኛ ዙር ቢወስዱ ሽፋኑ 112 በመቶ ይሆናል። የሚካፈልበት ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተነሥቶ በትንበያ የተሰላ መሆኑን፣ ከዚያም ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አለመካሄዱን ያላስተዋለ ባለሙያ ይህን ውጤት እንደ ስኬት ይቀበለዋል፤ ከአጎራባች ወረዳ የመጡ እናቶች ወይም ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ ሕፃናት መኖራቸውንም አይጠይቅም። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያልተከተቡት ሕፃናት ከዚያ 112 በመቶ ጀርባ ተሸፍነው ይቀራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የማቋረጥ ምጣኔ እንዲሆን አሳስባለሁ። በ6ኛው ሳምንት የሚሰጠውን የመጀመሪያውን ፔንታ ከወሰዱት ሕፃናት መካከል በ14ኛው ሳምንት ለሦስተኛው ያልተመለሱት ስንት ናቸው? ይህ ስሌት የሕዝብ ትንበያ ስለማይፈልግ ጣቢያው ከገዛ መዝገቡ ይሠራዋል። ሦስተኛውን የወሰዱት ከመጀመሪያው ከበለጡ ደግሞ ምዝገባው ወዲያውኑ መፈተሽ አለበት።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦
ከላይ በቀረበው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሠልጣኞች በራሳቸው መዝገብ ቢሠሩ እመርጣለሁ፤ ሆኖም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ ለመለማመጃ የሚባዛው ገጽ የእናቶችና የሕፃናት ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ የሌለበት ይሁን። የወሩ ሪፖርት በ20 ስለሚዘጋ፣ ሥልጠናው በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ካልሆነ ሰው አይገኝም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦
ረቂቁ ውጤቱን በማጠቃለያ ፈተና እንለካ ይላል። ይህ በቂ አይመስለኝም። ጣቢያዎች 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ መርጠው መዝገቡን ከሪፖርቱ ጋር የሚያመሳክሩበት፣ ኤልኪውኤኤስ የተባለው የዳታ ጥራት መፈተሻ ዘዴ አስቀድሞ በእጃችን አለ። ከሥልጠናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ የተገኘውን ውጤት ብናነጻጽር፣ ለውጡ በሥራው ላይ መታየቱን እናውቃለን። የቃለ ጉባኤ መዝገቡንም እንመልከት፤ የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በቁጥር ተመሥርቶ የወሰነው ነገር ካለ እዚያ ይገኛል።

ሰብሳቢ፦
የማቋረጥ ምጣኔው ቀዳሚ ትምህርት ሆኖ፣ የመዝገብ ጥበቃውና የኤልኪውኤኤስ ንጽጽሩ በረቂቁ ውስጥ ይገባሉ፤ ኤክሴል ወደ ሁለተኛው ቀን ይዛወራል። ያልተቋጨው ከየጣቢያው ማን ይሳተፍ የሚለው ነው። እኔ የጤና መረጃ ቴክኒሻኑ ብቻውን ሳይሆን ክትባት ክፍል ከምትሠራው ወይም ከሚሠራው ባለሙያ ጋር እንዲመጣ አቀርባለሁ። እስከ ዓርብ ድረስ ተቃውሞ ያላችሁ አባላት ከነምክንያታችሁ አስፍሩልን።