ከአዳል ጋር የነበረው ጦርነት፦ ነገሥታቱ ሌላ መንገድ ነበራቸው?

ጥያቄው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ነገሥታት በምሥራቅ ቆላ ያለውን የእስላም መንግሥት አዳልን ግብር ያስከፍሉ ነበር፤ ድንበር ላይ ጨዋ የሚባለውን የንጉሥ ጦር ያሰፍሩ ነበር፤ እምቢ ሲባሉ ይዘምቱ ነበር። ይህ አካሄድ አገሪቱን ጠበቃት ወይስ የአዳሉን መሪ የኢማም አሕመድን (የግራኝን) ጦርነት ጠራባት? ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ሌላ ምን ያድርጉ? የወደቡ የዘይላ ገዥ ማሕፉዝ በየዓመቱ ዐቢይ ጾምን ጠብቆ ይመጣል። ሰው በጾም ደክሞ ሳለ ይዘርፋል፣ ማርኮ ይሸጣል። ንጉሥ ልብነ ድንግል በ1517 ገጠመው፤ ማሕፉዝም ተገደለ። ቤትን መጠበቅ መስፋፋት ነው እንዴ?

የሐረር ልጅ፦ ወንድሜ፣ ከማሕፉዝ ከጀመርክ እውነትህን ነው። ግን ወደ ኋላ ሂድ። ንጉሥ ዐምደ ጽዮን በ1332 ከአዳል በፊት የነበረውን የእስላም መንግሥት ይፋትን ወግቶ አስገበረ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የይፋቱ ሱልጣን ሰዐደዲን እስከ ዘይላ ተባርሮ ተገደለ። ልጆቹ የመን ገቡ። ተመልሰው ግን አዳልን አቆሙ፤ ከደጋው ርቀው፣ የንጉሡ ሠራዊት በቀላሉ በማይደርስበት ቆላ። ይፋት ቅርብ ነበር፤ ግብርም ይከፍል ነበር። አርቆ የገፋው ማን ነው?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ በ1445 የንጉሡ ግዛት እስከሆነው ደዋሮ ድረስ የመጣው የአዳሉ ሱልጣን በድላይስ? ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ እጁን አጣጥፎ ይጠብቀው?

መምህርት፦ ልጆቼ፣ እቴጌ እሌኒን ለምን ረሳችኋት? የሐድያ ገራድ (ገዥ) ልጅ ናት፤ ከእስላም ቤት ወጥታ የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ አገር ያስተዳደረችው እሷ ነበረች። በቀይ ባሕር ላይ መርከብ ያለው ወዳጅ እንደሚያስፈልግ አውቃ በ1509 ገደማ መልክተኛዋን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ላከች። የፖርቱጋል መልክተኞች በ1520 ሲደርሱ ግን ወጣቱ ንጉሥ ማሕፉዝን ድል አድርጓል፤ አልቸኮለም። ስድስት ዓመት ቆይተው ተመለሱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማሕፉዝ በሞተበት በዚያው በ1517 ቱርኮች ግብጽን ያዙ። ከዚያ በኋላ ነፍጥ በባሕር በኩል አዳል ይገባ ጀመር። በ1529 ሽንብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ሠራዊት በቁጥር በልጦ ሳለ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ እንግዲያው መምህርት፣ እሌኒም የላከችው ለጦር ነው እኮ!

መምህርት፦ ለጦር ነው ልጄ፤ አልክድም። ግን ጋብቻንም ታውቅ ነበር። ሐድያ በእሷ በኩል ቤተ መንግሥት ገብታለች፤ ለአዳል ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ከአዳል የሚፈለገው ግብር ብቻ ነበር።

የሐረር ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። የእኛም ወገን በደል የለበትም አልልም፤ ኢማሙ ያቃጠላቸው አብያተ ክርስቲያናት የአገሬ ናቸው። ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሞተ። የልብነ ድንግልን ልጅ ንጉሥ ገላውዴዎስን በ1559 የሐረሩ ገዥ የአሚር ኑር ጦር ገደለው። ኑር ግን ድሉን ይዞ ደጋ አልወጣም፤ ሐረርን በግንብ አጠረ። እኔ ያደግሁት ከዚያ ግንብ ሥር ነው።