ስጎዬ ለምን ውሃ ይሆንብኛል?

ወንደላጤው፦
ሰላም ወገን። ጾም ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ፓስታ ላይ ነኝ፣ ስጎው ግን አልሆንልኝ አለ። ስድስት ቲማቲም፣ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፤ በቃ። ከድኜ 20 ደቂቃ አበስለዋለሁ። ውሃው ሳህኑ ስር ይተኛል፣ ፓስታው ከላይ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ደግሞ ይኮመጥጣል። ድልህ ሳልጨምር የሚወፍርበት መላ አለ?

እማማ ጓዳ፦
የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ ክዳኑ ነው። ቲማቲም ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ከከደንከው እንፋሎቱ ተመልሶ እዛው ድስት ውስጥ ይንጠባጠባል፣ የት ይሂድ? ሽንኩርቱን ደቀቅ አርገህ ክተፍና በዘይት ቀስ ብለህ አቁላላ፤ እንደ ቀይ ወጥ ቁሌት እስኪጠቁር አትጠብቅ፣ ለስለስ ሲል ይበቃል። ከዛ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ካረረ ይመራል፣ የመረረ ስጎን ደግሞ ምንም አያድነውም። 1 ኪሎ ቲማቲም ለሁለት ለሁለት ክፈልና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀው፣ ልጣጩ እጅህ ላይ ይቀራል። ጨው ጨምረህ፣ ሳትከድን፣ መጠነኛ እሳት ላይ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እያማሰልክ ቆይ። ዘይቱን ሲተፋና በማማሰያ ስትከፍለው ቶሎ ተመልሶ ካልገጠመ ደርሷል። ስታወርድ በሶብላ ጣል አርግበት።

ጨው ለራስህ፦
ለኮምጣጣው ስኳር! ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

ያለቃሪያ አልበላም፦
ስኳር ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። እኔ አንድ ካሮት ፈቅፍቄ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላላለሁ። ግን ዋናው ቲማቲሙ ነው ባይ ነኝ፤ ጠንከር ያለውን ለሰላጣ ተወውና ለስጎ በደንብ የቀላውን፣ ስትነካው ለስለስ የሚለውን ምረጥ፣ ጉሊት ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚረክሰው (የሻገተውን አላልኩም!)። በአሉሚኒየም ድስትም አትሥራው፣ ኮምጣጣው ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያመጣል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እዚህ አሜሪካ በብርዱ ወራት ትኩሱ ቲማቲም ምንም ጣዕም የለውም፣ ስለዚህ ተልጦ በቆርቆሮ የታሸገውን ነው የምገዛው፣ 800 ግራም ገደማ የሚይዘውን። በእጄ ጭምቅ ጭምቅ አደርገዋለሁ፣ በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ሌላው፣ ፓስታውና ስጎው ሳህን ላይ አይተዋወቁ። ፓስታው ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥተህ ስጎው ድስት ውስጥ ጨምረውና፣ ከተቀቀለበት ውሃ ግማሽ ጭልፋ አክለህ አዋህደው። ደግሞ ውሃ እንዳትለኝ፤ ይሄኛው ከፓስታው የወጣ ስታርች አለበት፣ ያያይዘዋል።

ወንደላጤው፦
እናቴ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፣ 50 ደቂቃ ፈጀ። ተሳካ! ካሮትም ገባበት፣ መኮምጠጡ የለም። ግን 1 ኪሎው ግማሽ ሆኖ ቀረ፣ የተዘረፍኩ ነው የመሰለኝ፤ ምድጃውና ግድግዳውም ቀይ በቀይ ሆኗል። እጥፍ ብሠራ ስንት ቀን ይቆያል?

እማማ ጓዳ፦
ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይ 4 ቀን። ፍሪዘር ካለህ ለአንድ ጊዜ ለአንድ ጊዜ የሚሆንህን ከፋፍለህ አስቀምጥ፣ ለወራት ይቆይልሃል። ጠርሙስ ሞልተህ ቁም ሳጥን ውስጥ ግን እንዳትተወው። መብራት ጠፍቶ ካደረም አሽትተህ ደህና ነው አትበል፣ ድፋው። ለመፈናጠሩ ወንፊት ድፋበት፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ቲማቲሙ አይወጣም።