የአባቴ እግር ቁስል አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ አስቸገረን

አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከያዛቸው 12 ዓመት ሆነ። እግራቸው ደንዝዟል። ነርሷ ውስጥ እግራቸውን በቀጭን የናይለን ክር ስትነካ አልተሰማቸውም። ቀኝ እግራቸው ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታ በ14 ወር ውስጥ ሁለቴ ቆስሎ ሁለቴ ድኗል። አሁን ተዘግቷል፤ ግን እዚያው ላይ ቆዳው እንደገና እየጠነከረ ነው። ያለፈውም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

መጀመሪያ እዚሁ ጅማ መርካቶ ለስላሳ የጫማ ሶል ገዛሁ። በሦስት ሳምንት እንደ ወረቀት ሳሳ። ከዚያ ጫማ ሰፊ ጋ ሄደን ወፈር ያለ ስፖንጅ ቆርጦ አስገባልን። ከሥር ተመቻቸው፤ ጫማው ግን ጠበበና የሁለተኛ ጣታቸውን አናት ላጠው። እሳቸው ምንም አላወቁም። እኔም ያወቅኩት ካልሲው ላይ ደም አይቼ ነው። አሁን አንድ ቁጥር ጨምረን 44፣ ፊቱም ከፍ ያለ ጫማ ገዝተናል። ማታ ማታ በባትሪ እያበራሁ እግራቸውን አያለሁ። (መስጊድ ጫማ ሲያወልቁ ካልሲ እንዲያደርጉ ማሳመን ራሱን የቻለ ጦርነት ነው።)

ጫማ ሰፊው ሁለት ሐሳብ አለው። አንዱ፣ ጉብታው የሚያርፍበትን ስፖንጅ መቦርቦር ነው፤ እኔ የፈራሁት የጉድጓዱ ጠርዝ ራሱ እንዳይጎዳቸው ነው። ሌላው፣ ከጉብታው ኋላ ትንሽ ከፍታ ለጥፎ ክብደቱ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። በእግር ልክ ሶል የሠራችሁ ወይም ያሠራችሁ፣ ለዚህ ቦታ የትኛው ይሻላል?