«ኤልድሬ» ከማን ይበልጣል?

ጥያቄ፦
ስዊድንኛ መማር ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። «ጋማል» አሮጌ ወይም ሽማግሌ ማለት እንደሆነ፣ «ኤልድሬ» ደግሞ የእርሱ ማወዳደሪያ፣ ማለትም «በዕድሜ የሚበልጥ» እንደሆነ ተምሬአለሁ። ይሁንና በአንድ አጭር ዜና ላይ «ኤን ኤልድሬ ማን» መንገድ ሲሻገር ወድቆ እንደተጎዳ አነበብሁ። በዜናው ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ከማን ጋር እንደተወዳደረ ፍለጋ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት። ሰውየው የሚበልጠው ማንን ነው?

መልስ 1፦
ማንንም አይበልጥም። ስዊድንኛ የማወዳደሪያውን ቅርጽ ያለ ተወዳዳሪ የሚናገርበት ልማድ አለው፤ ያነበቡት ሐረግም እኛ «ጠና ያሉ ሰው» የምንለው ነው። የሚያስገርመው፣ በሰዋስው ሠንጠረዥ «ኤልድሬ» ከ«ጋማል» በላይ ቢቀመጥም፣ እንዲህ ለብቻው ሲነገር ዕድሜው ዝቅ ይላል፤ «ጋማል» የተባለው በእርግጥ ያረጀ ሲሆን «ኤልድሬ» የተባለው ገና ወደዚያ የሚጠጋ ነው። ለጆሮም ስለሚለሰልስ የአረጋውያን እንክብካቤ «ኤልድሬኦምሶርይ» ይባላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ረዘም ያለ ጊዜ» ስንል ከምን እንደረዘመ የሚጠይቀን የለም፤ «ኤን ሌንግሬ ቲድ» ማለት ይኸው ነው። «ኤን ሚንድሬ ኡሊካ» አነስ ያለ አደጋ፣ «ኤን ስተሬ ሱማ» ከፍ ያለ ገንዘብ ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እውነተኛ ውድድርም እንዳለ አይዘንጋ። «ሃን ኤር ኤልድሬ ኤን ያግ» ሲባል «በዕድሜ ይበልጠኛል» ማለት ነው። (ይህ «ኤን» የእኛን «ከ» የሚተካ ሲሆን፣ ከላይ «አንድ» ከሚለው «ኤን» ጋር የተመሳሰለው በፊደላችን ስለተጻፈ ነው፤ በስዊድንኛ አጻጻፋቸው ይለያያል።) ሆኖም የዚህ ቃል አለመኖር ብቻውን ውድድር የለም አያሰኝም፤ «ሚን ኤልድሬ ብሩር» ታላቅ ወንድሜ ማለት እንጂ ጠና ያለው ወንድሜ ማለት አይደለም። በታሪክ አከፋፈልም ቃሉ ከተቃራኒው ጋር ይጣመራል፤ ከ1225 እስከ 1375 የነበረው ስዊድንኛ «ኤልድሬ ፎርንስቬንስካ»፣ ማለትም የቀደመው ጥንታዊ ስዊድንኛ፣ ሲባል፣ ከዚያ እስከ 1526 ያለው «ኢንግሬ»፣ ማለትም የኋለኛው፣ ይባላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው «ኤት ኤልድሬ ሁስ» የሚለውን «ቆየት ያለ ቤት» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ 1፦
በትክክል ያስኬዳል። «ኤን» ወደ «ኤት» ሲለወጥ «ኤልድሬ» ግን እንዳለ መቆየቱንም ልብ ይበሉ፤ ማወዳደሪያው በጾታም በቁጥርም አይለዋወጥም።