ቪላን ልጨምር ብዬ በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁት

ጀማሪው እጅ፦
ሰላም ናችሁ? ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰኩበት መሣሪያ) ላይ በኮማንድ መሥራት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ትናንት ጉድ ሆንኩ። ስዊቹ ሲስኮ ካታሊስት ነው። ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ በኔትወርክ መግቢያ) ነው የገባሁት። ቪላን 30ን (ቪላን ማለት በአንድ ስዊች ላይ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ ነው) ፈጠርኩ፣ ሁለት ፖርት ሰጠሁት፣ እሺ አለ። ከዚያ ወደ ዋናው ስዊች በሚሄደው ትራንክ (ብዙ ቪላኖችን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ መስመር) ላይም ይለፍ ብዬ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። በቃ። ቀጥሎ የምጽፈው ፊደል እንኳ ስክሪኑ ላይ አልወጣም። ፒንግ ባደርግ መልስ የለም። ወዲያው ስልኩ ይጮህ ጀመር፤ ለካ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ነው ያቋረጥኩት።

በስንት ልመና እዚያ ያለ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ሰካልኝ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ተመለሰ። ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጠዋት የጻፍኳቸው የፖርት ስሞች የሉም፣ ሁለቱ ፖርቶችም ወደ ድሮ ቪላናቸው ተመልሰዋል፤ ቪላን 30 ግን «ሾው ቪላን ብሪፍ» ስል ቁጭ ብሏል! ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ እንዴት ቀረ? ሁለተኛ እንዳይደገምስ ምን ላድርግ?

ሰማያዊ ኬብል፦
አይዞህ፣ እኔም እዚችው ላይ ወድቄያለሁ። የጎደለችህ አንዲት ቃል ናት፣ «አድ»። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 30» ብትል ኖሮ 30 በነበሩት ላይ ይጨመር ነበር። ያለ «አድ» ስትጽፈው ግን ስዊቹ የሚገባው «30 ብቻ ይለፍ፣ ሌላው ይቅር» ተብሎ ነው። አንተ የገባህበት የማኔጅመንት ቪላንም (ስዊቹን የምታስተዳድርበት) አብሮ ተባረረ። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅህም፣ ያልከውን ያደርጋል።

ደግሞ ትራንኩ ላይ ቀድሞ ገደብ ካልተደረገ ከ1 እስከ 4094 ያሉት ሁሉ ሳትነግረው ይፈቀዳሉ። ምናልባት ጭራሽ ባትነካው ይሻል ነበር። ከመጻፍህ በፊት «ሾው ኢንተርፌስ ትራንክ» በልና የሚያልፉትን አይተህ ግባ።

የሌሊት ተረኛ፦
ስለጠፋውና ስለቀረው ልንገርህ። ኮንፊጉ (የስዊቹ ቅንብር) ሁለት ቦታ ነው ያለው። ኢንተር በመታህ ቁጥር የሚለወጠው ራኒንግ ኮንፊግ ነው፣ እሱ ራም ላይ ስለሆነ ሶኬቱ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል። ስዊቹ ሲነሳ የሚያነበው ስታርታፕ ኮንፊግን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው አንተ ነህ፦ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ»። አንተ ጠዋት ይህን አላልክም። ለፖርት ስሞቹ አዝናለሁ፣ ግን ትናንት ያዳነህም ሴቭ አለማድረግህ ነው። ያቺን መስመር ሴቭ አድርገሃት ቢሆን ሶኬቱን አሥር ጊዜ ቢነቅሉትም ለውጥ የለም፣ በቀጥታ ስዊቹ ላይ የሚሰካ የኮንሶል ገመድ ይዘህ እዚያ ድረስ ትሄድ ነበር።

ቪላን 30 የተረፈው ሌላ ቤት ስላለው ነው። ቪቲፒ (ስዊቾች የቪላን ዝርዝር የሚጋሩበት ዘዴ) ሰርቨር ሞድ ላይ ከሆነ (ካልነካኸው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው) የቪላን ዝርዝር ፍላሽ ላይ ባለ «ቪላን ዶት ዳት» በሚባል ፋይል ይቀመጣል፣ ሴቭ ሳትልም። ያገለገለ ስዊች ወስደው ኮንፊጉን በሙሉ አጠፋን ካሉ በኋላ የድሮ ቪላኖች ብቅ የሚሉባቸው ሰዎችም ይህን ፋይል ረስተው ነው።

ኮንሶል ገመድ፦
ከሩቅ ሆነህ ትራንክ ወይም የማኔጅመንት አይፒ ከመንካትህ በፊት ያለውን ሴቭ አድርግና «ሪሎድ ኢን 10» በል። ከተቆለፍክ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስዊቹ ራሱ ተነስቶ በድሮው ኮንፊግ ይመለሳል፣ ማንንም አትለምንም። ከተሳካልህ «ሪሎድ ካንስል»፣ ከዚያ ሴቭ። ካንስሉን አደራ! እኔ አንዴ ሥራው አልቆ ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ፣ ስመለስ ስዊቹ እየተነሳ ነበር።

ሰማያዊ ኬብል፦
ሪሎድ ይሠራል፣ ግን አንዲት መስመር ለመመለስ ብሎ ሁሉንም ሰው ማቋረጥ አይዋጥልኝም። ሶፍትዌሩ የሚደግፈው ከሆነ መጀመሪያ «አርካይቭ» ውስጥ የኮንፊጉ ቅጂ የሚቀመጥበትን ቦታ ስጠው፣ ከዚያ «ኮንፊገር ተርሚናል ሪቨርት ታይመር 5» ብለህ ግባ። በ5 ደቂቃ ውስጥ «ኮንፊገር ኮንፈርም» ካላልክ ስዊቹ ሳይጠፋ ኮንፊጉ ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። መኖሩን ለማወቅ «ኮንፊገር ተርሚናል» ብለህ የጥያቄ ምልክት መምታት ነው፣ ቀጥሎ የሚቻለውን ይዘረዝርልሃል። ጁኒፐር (ሌላ ኩባንያ) መሣሪያ ላይ ይኸው ነገር «ኮሚት ኮንፈርምድ» ነው፣ ደቂቃ ካልሰጠኸው 10 ይቆጥራል።

ጀማሪው እጅ፦
ጠረጴዛዬ ላይ ባለ ትርፍ ስዊች ሞከርኩት። ሆን ብዬ ያችኑ መስመር ያለ «አድ» ጻፍኩ፣ ኤስኤስኤቹ ቀጥ አለ፣ ፒንጉን ከፍቼ ጠበቅኩ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ መልስ መምጣት ጀመረ። እናመሰግናለን! አሁን የቀረኝ የ22 ፖርት ስም እንደገና መጻፍ ነው፣ የትኛው ፖርት የማን እንደነበረም በቅጡ አላስታውስም።

የሌሊት ተረኛ፦
የትናንቱን የተርሚናል መስኮት ዘግተኸዋል? ካልዘጋኸው ወደ ላይ ስክሮል አድርግ።

ጀማሪው እጅ፦
አልዘጋሁትም! 19ኙን አገኘኋቸው። አሁን ኮፒ እያደረግኩ ነው፣ በየአምስቱ ሴቭ እያልኩ።