ጋውዜ የሚባለው ሩሲያዊ፣ እና «ኒሽ» በአማርኛ ምን ይባል?

የማርቆሱ መምህር፦
እንዴት ዋላችሁ ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን ልጆች ስለ ባዮሎጂ ተመራማሪው ጆርጂ ጋውዜ አንድ ገጽ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። የሒሳብ መምህራችን «ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀን። አይደለም፣ ይሄኛው በ1910 ሞስኮ የተወለደው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ሰውየውን የሒሳብ ሰው ልበለው ወይስ የላብራቶሪ? ደግሞ «ኒሽ» የሚለውን፣ አንድ ዝርያ ምን በልቶ እንዴት እንደሚኖር ማለት ነው፣ እንዴት ልተርጉመው? «መኖሪያ ቦታ» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው አልጣመኝም።

ቀመር ወዳድ፦
መምህር፣ ሁለቱንም ይበሉት። ዝርያዎች ሲሻሙ ወይም አንዱ ሌላውን ሲበላ ቁጥራቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላውን ቀመር የሠሩት እኮ ሌሎች ናቸው፤ አሜሪካ የነበረው ሎትካና ጣሊያናዊው ቮልቴራ፣ በ1920ዎቹ። ጋውዜ ያደረገው ቀመሩን ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ «እስቲ እውነትህን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለት ዓይነት ፓራሜሲየም ወሰደ (ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጥረት ነው)፣ አውሬሊያና ካውዳተም። ለየብቻ ሲያረባቸው ሁለቱም ይበዙና ምግቡ በፈቀደላቸው ልክ ይቆማሉ። ምግባቸው ባክቴሪያ ነው። አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ግን አውሬሊያ አሸነፈ፣ ካውዳተም አለቀ። እዚህ ድረስ ቀመሩ ልክ ነው።

እኔ የምወደው ቀመሩ ያልሠራበትን ነው። ፓራሜሲየምን የሚበላ ዲዲኒየም የሚባል ሌላ ደቂቅ ፍጥረት አለ። በቮልቴራ ሒሳብ ከሄድን አዳኙና ታዳኙ ተራ በተራ እየበዙና እያነሱ መኖር ነበረባቸው። ብርጭቆው ውስጥ ግን ዲዲኒየም የተገኘውን ሁሉ ጠራርጎ በልቶ ራሱም በረሃብ ሞተ፣ አለቀ ደቀቀ። ጋውዜ ከሥር ዝቃጭ ጨመረ፣ ታዳኙ እንዲደበቅበት። አሁን ደግሞ አዳኙ ተርቦ ሞተና የተደበቁት ብቻቸውን ፈሉ! በየሦስተኛው ቀን ከውጭ አንድ አዳኝና አንድ ታዳኝ ሲጨምር ነው ያ ከፍ ዝቅ የሚለው መስመር የመጣለት። ልጆቹ ይሄን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ ፈተና ላይ ማርክ የሚያመጣው ግን ያኛው፣ አውሬሊያ ካውዳተምን ያሸነፈበት ነው መቼም።

ጋውዜ አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ ባዮሎጂስቱ ሬይመንድ ፐርል ዘንድ ሄዶ መሥራት ፈልጎ ነበር፣ የሮክፌለርን የትምህርት ዕድል ግን አላገኘም። መጽሐፉ ግን ሄደለት። በ1934 እዚያው ባልቲሞር በእንግሊዝኛ ታተመ፣ መቅድሙን ፐርል ጻፈለት። የህልውና ትግል ማለት ነው ርዕሱ። ያኔ ዕድሜው 23 ነው። እኔ በ23 ዓመቴ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ተሰልፌ ነበር 😄

የፍኖተ ሰላሟ፦
ፓራሜሲየሙን ተዉትና እርሾውን ንገሯቸው ለልጆቹ! ከዚያ በፊት የሠራው በሁለት ዓይነት እርሾ ነው፣ አንድ ብልቃጥ ውስጥ። እኩል መጠን እርሾ ሲወዳደር አንዱ ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል አልኮል ያወጣል። ሁለቱንም የሚያቆማቸው ደግሞ ራሳቸው ያወጡት አልኮል ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከአልኮሉ ማስላት ይቻላል ብሎ ሞከረው፣ በደንብ ተቀራረበለት። አየር ሲገባ ግን ሒሳቡ ይዛባል።

እናቴ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጋኑን ስትከድን አፉን ለምን እንደምትመርግ የገባኝ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው። እሷ ያለ ቀመርም ታውቀው ነበር፣ ያው።

ጣና ዳር፦
ኒሽን «መኖሪያ ቦታ» ካልከው ልጆቹ ይሳሳታሉ ወንድሜ። ጣናን ተመልከት። ላቤኦባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያ አንድ ሐይቅ ውስጥ ነው ያለው፣ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ሌላው ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ሌላው ከጭቃ ይለቅማል። ሐይቁ አንድ፣ እንጀራቸው የተለያየ። የሩሲያና የኢትዮጵያ የጋራ የባዮሎጂ ቡድንም እነዚህን ዓሦች ብዙ አጥንቷል፣ ስለዚህ ሩሲያ ከርዕስህ ሩቅ አይደለችም።

ጋውዜም ራሱ አይቶታል። ካውዳተምን ቡርሳሪያ ከሚባለው ሌላ ፓራሜሲየም ጋር ሲያደርገው ሁለቱም ኖሩ። አንዱ ከላይ ይበላል፣ አንዱ ከሥር።

«መተዳደሪያ» በለው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሻጯና ቅቤ ሻጯ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይጣሉም። ሁለት በርበሬ ሻጭ አስቀምጥ፣ ያኔ ታየዋለህ።

ቀመር ወዳድ፦
በርበሬ ሻጮቹም እኮ አይጠፋፉም ጣና ዳር፣ ደንበኛ ይከፋፈላሉ። ምሳሌው ትንሽ ያነክሳል። ቃሉን ግን ወድጄዋለሁ።

የፍኖተ ሰላሟ፦
መድኃኒቱንም አትርሱ። ጋውዜ በ1942 ከባለቤቱ ከማሪያ ብራዥኒኮቫ ጋር ግራሚሲዲን ኤስ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከአፈር ባክቴሪያ አገኙ። በጦርነቱ የወታደር ቁስል ታከመበት። ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ከላይ ብቻ ነው የሚደረገው። በ1946 የስታሊን ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው አንቲባዮቲክ ላይ ነው፣ በ1986 እስኪሞት። የእሷን ስም ዘልለው የሚጽፉ አሉ፣ እርስዎ እንዳይዘሉት አደራ።

የማርቆሱ መምህር፦
አልዘልም። ገጹን እንደገና ጻፍኩት፣ «መተዳደሪያ» ገብቷል፣ የብራዥኒኮቫም ስም። ማይክሮስኮፓችን ሌንሱ ከተሰበረ ቆይቷል፣ ስለዚህ ፓራሜሲየም ማሳየት አልችልም። ረቡዕ በሁለት ጠርሙስ ስኳር ውሃና እርሾ እንሞክራለን፣ አንዱ ክፍት፣ አንዱ አፉ ላይ ፊኛ የታሰረበት። የፍኖተ ሰላሟ፣ እናትሽ ጋኑን የሚመርጉት በምንድን ነው? በጭቃ ነው በአመድ? ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም።