ለአጎቴ የመጫወቻ ካርታ አንብቦ የሚነግራቸው ትንሽ ኮምፒውተር እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ በግላኮማ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከጓደኞቻቸው ጋር ኮንከር መጫወት ትተዋል። የያዙትን ካርታ በካሜራ አንብቦ በጆሮ ማዳመጫ የሚነግራቸው ነገር ልሠራላቸው እፈልጋለሁ። ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር አለኝ፤ ካሜራ ገና አልገዛሁም። ፕሮግራሙን በስልክ ባነሣኋቸው ፎቶዎች ስሞክረው ቀን ቀን በደንብ ያነባል፤ ማታ ግን 8ን 3 ይለዋል። ኢንተርኔታችንም አያስተማምንም።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
እህቴ፣ ኢንተርኔቱ አያስጨንቅሽ፤ ምስል የሚያነበው ኦፕን ሲቪ የሚባለው ሶፍትዌር አንዴ ከተጫነ ሥራው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያልቃል። ጥፋቱም የፕሮግራምሽ ሳይሆን የአምፖሉ ይመስለኛል። የሚያብረቀርቅ ካርታ ላይ ብርሃኑ ሲያርፍ የቁጥሩን ግራ ጎን ያጠፋዋል፤ ግራ ጎኑ የጠፋ 8 ደግሞ 3 ሆኖ ይታያል። አምፖሉን ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርጊው፤ ብርሃኑንም በስስ ነጭ ወረቀት አለዝቢው። ካርታው የሚያርፍበትን ቦታ ጥቁር ጨርቅ አልብሺው፤ ነጩ ጠርዝ ስለሚጎላ ፕሮግራሙ አራቱን ማዕዘኖች በቀላሉ ያገኛል። ከዚያ ምስሉን አቅንተሽ ላይኛውን ግራ ማዕዘን ብቻ ቁረጪ። 52ቱን ካርታ በሙሉ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ 13 የቁጥርና የፊደል፣ 4 የምልክት ናሙና ይበቃል። 6 እና 9 ይምታታሉ ብለሽም አትስጊ፤ ቁጥሩ በሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖች ስለሚታተም ካርታው ቢዞርም ላይኛው ግራ ማዕዘን ቀጥ ብሎ ይነበባል።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
የራስቤሪ ፓይን ካሜራ፣ ሞጁል 3ን ግዢ፤ ትኩረቱን ራሱ ያስተካክላል። ሞጁል 2 ለቅርብ ነገር ሌንሱን በእጅ ማዞር ይጠይቃል። ካርታውን ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አርቂው። መብራት ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ፓወር ባንክ ያዢ፤ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ስለሆነ ከመግዛትሽ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ።

መልስ፣ ከቡሬ፦
ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው፤ ለትልቅ ሰው ጆሮ ይከብዳል። 17ቱን ቃላት፣ ማለትም የ13ቱን ቁጥርና ፊደል እና የ4ቱን ምልክት ስም፣ በራስሽ ድምፅ፣ አጎትሽ በለመዱት አጠራር ቅጂላቸው። ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ ካርታ ያለ ወሬ አይጣፍጥም፣ ጓደኞቻቸውንም መስማት አለባቸው። ካሜራውን ደግሞ በሳጥን ውስጥ ወደ ታች አድርገሽ እሰሪው፤ የሌላውን ሰው ካርታ ማየት ፈጽሞ የለበትም። ጨዋታው ሳይጀመር ለሁሉም ከፍተሽ አሳያቸው። ገንዘብ የሚያዝበት ጨዋታ ላይ ግን ሁሉም እሺ ካላሉ አይቅረብ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእጃቸው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳዩት ወይስ አንድ በአንድ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
አንድ በአንድ። ሲደራረቡ ጠርዛቸው ይዋሃድና ፕሮግራሙ ማዕዘኑን ይስታል። የተነበበውን በዝርዝር ይያዝ፤ አጎታችን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ይድገምላቸው። የሚጥሉትን ካርታ ከመጣላቸው በፊት እንደገና ካሜራው ሥር ሲያሳልፉት ከዝርዝሩ ይውጣ።